የቤተልሔሟ ሰዓት

ባለቤቴ በሞላሌ ገበያ ዳር የታወቀ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሰዓቶቹን የምሠራው ግን እኔ ነበርኩ።

ነገሩ ሲጀመር ሰው ለማታለል ታስቦ አልነበረም። እሱ ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ፣ አንድ ሽማግሌ አርመን ዘንድ ነው። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ወረንጦውን፣ ካቻቢቴዎቹንና ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ መነጽር በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ወደ አገሩ ተመለሰና እኔን አገባ። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። ያን ጊዜ ሥራው ሞልቶ ነበር። የተበተነው ሠራዊት ወታደሮች ወደየቀያቸው ሲገቡ አብዛኞቹ ይዘው የመጡት አንድ ካፖርትና አንድ የሩሲያ ሰዓት ነው። ካፖርቱን ራሳቸው ሰፉት፤ ሰዓቱን ለእኛ አመጡት። ውሃ የገባበት አለ፣ የኦጋዴን አሸዋ የሞላበት አለ፣ አንዱማ ሰዓቱን ለምስማር መምቻ ተጠቅሞበት ኖሮ፣ መቆሙ ገርሞት ነበር የመጣው።

ችግር የመጣው ከባለቤቴ እጅ ነው። ሱቁን በከፈትን በሁለተኛው ዓመት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ብሎን ከወረንጦው ታመልጠዋለች፤ ከዚያ ሁለታችንም ተንበርክከን ወለሉን በእጃችን ስንዳብስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። አንድ ቀን ብሎኗን እኔ አገኘኋት። ጣቴን በምራቄ አርሼ አነሣኋትና፣ እሱን ከመጥራት ብዬ በወረንጦው ቦታዋ ላይ አስቀምጬ አጠበቅኳት። ቆሞ ያየኝ ነበር።

«እስቲ ሁለተኛዋንም» አለኝ።

ሁለተኛዋንም አስገባሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የገባው ሰዓት ሁሉ በእኔ እጅ አለፈ።

መጀመሪያ በግልጽ ነበር የምንሠራው። አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ግን ሰዓቱን ከፍቼ ጥርሳም ጎማዎቹን ስደረድር ደረሰብኝ። ሻሹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብሎኖቹን፣ ጎማዎቹንና ሞላውን አንድ በአንድ ጠራርጎ ቋጠራቸውና ይዞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ቋጠሮ ይዞ ተመለሰ። ሞላሌ ላይ ሌላ ሰዓት ሠሪ ስላልነበረ ወዴት ይሂድ። ባለቤቴ ከእጁ ተቀበለው፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ሠራሁት። ሃምሳ አለቃው ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ካዳመጠ በኋላ ባለቤቴን «የወንድ እጅ እኮ ያስታውቃል» ብሎት ሄደ።

በማግሥቱ ሱቁን በመጋረጃ ለሁለት ከፈልነው። ባለቤቴ ከፊት ለፊት ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ይቀመጣል። ሰው የሚያምነው ማጉያዋን ነው። ሰዓቱን ይቀበላል፣ ያዳምጣል፣ ሐኪም በሽተኛ ሲያይ እንደሚያደርገው ራሱን ይነቀንቃል፣ «ነገ ተመለስ» ይላል፣ ከዚያ በመጋረጃው ሥር ወደ እኔ ይገፋዋል። እንዲህ አድርገን ዓመታት ኖርን። ደጅ ላይ የእሱ ስም ሲነሣ ከመጋረጃው ጀርባ እየሰማሁ ፈገግ እል ነበር፤ ደስ ያላለኝም ቀን ነበር፤ እሱን አልደብቅም።

እጁ ቢከዳውም ምላሱ ጤነኛ ስለነበር በደንብ አስተምሮኛል። ያልተማረ ሰው ሰዓትን የሚያስኬደው ሞላው ይመስለዋል፤ ሞላውማ ከለቀቁት በአንድ ትንፋሽ ተዘርግቶ ያልቃል ይለኝ ነበር። ሰዓትን ሰዓት የሚያደርገው የሚከለክለው ነው። ከጎማዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ጥርሳም ጎማ አለ። ከእሱ በላይ ሁለት ክንድ ያላት፣ መልሕቅ የምትመስል ትንሽ ብረት ተቀምጣለች። በአንዱ ክንዷ ጥርሱን ትይዛለች፤ ወዲያ ስትል ትለቀዋለች፤ ጎማው አመለጥኩ ሲል በሌላው ክንዷ ቀጣዩን ጥርስ ትይዘዋለች። ሰዓት ቀጭ የሚለው በተያዘ ቁጥር ነው። እኛ ቤት ስሟ «ያዥ» ነበር። ያዥ በቀኝም በግራም የምትይዝበት ጊዜ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከረዘመ ሌላው ካጠረ ሰዓቱ ያነክሳል፤ ሲያነክስ ቆይቶ አንድ ቀን ይቆማል።

ይህን ማንከስ መስማት እስክለምድ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ከለመድኩ በኋላ ግን እኩል ያልሆነ ነገር ሁሉ ጆሮዬን ያሳክከኝ ጀመር። ጎረቤታችን ጌሾ ስትወቅጥ፣ ሄጄ «ሙቀጫሽ ያነክሳል» ማለት እየቃጣኝ ስንት ቀን ራሴን ገትቻለሁ።

የቤተልሔሟ ሰዓት የመጣችው በዚህ መሐል ነው።

ከሞላሌ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ደብር ቄሰ ገበዙ አንድ ነገር በሱፍ ባና ጠቅልለው፣ በበቅሎ ጭነው ደጃችን ደረሱ። አጫጫኑን ሳይ በሽተኛ ያመጡ መስሎኝ ቦታ ላደላድል ተነሥቼ ነበር። ሲገለጥ ቁመቷ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ በእንጨት ሣጥን የተሠራች፣ ፊቷ መስተዋት የሆነ የግድግዳ ሰዓት ናት። ከሆዷ ውስጥ የምትወዛወዝ የነሐስ ሰሐን የመሰለች ፔንዱለም አለቻት። ሰዓት በሞላ ቁጥር ትደውላለች።

የአገሩ ተወላጅ የሆነ አንድ ነጋዴ ነው ለደብሩ የሰጣት። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰቀሏት። በመጀመሪያው እሑድ፣ ቅዳሴው መሐል፣ ሕዝቡ አቀርቅሮ ሳለ መደወል ጀመረች። አንድ ጆሯቸው የከበዳቸው ሽማግሌ ቃጭል መስሏቸው ሰገዱ። እሳቸው ሲሰግዱ ያየ ሁሉ ሰገደ። ሁለት ሰዓት ነበርና ሁለቴ ሰግደው ተነሡ። በሚቀጥለው ሳምንት የጾም ቅዳሴ ሆኖ ሰባት ሰዓት ላይ ደወለች፤ ሕዝቡ ሰባት ጊዜ ወድቆ ተነሣ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በሰው ተደግፋ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሰዓቷ የመሥዋዕቱ ኅብስት ወደሚጋገርበት ወደ ቤተልሔም ተዛወረች። እዚያ ከዲያቆናቱ በቀር የሚሰማት አልነበረም።

እሷ ባትኖር ምን ነበረበት ቢባል፣ በበጋው ምንም አልነበረበትም። የደብሩ መሪጌታ ፀሐይ ላይ ቆመው ጥላቸውን በጫማቸው እየሰፈሩ ሰዓቱን ይናገራሉ። ፍልሰታ ግን በነሐሴ ነው። በነሐሴ መንዝ ውስጥ እንኳን ጥላ፣ ባለጥላውም በጉም ተሸፍኖ አይታይም። ሰዓቷ ደግሞ ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቆማለች። ባለቤቴ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ተቀበለ።

ስከፍታ ውስጧ ሊጥ ሆኗል። የዓመቱ ዱቄትና ጥላሸት ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ያዥን ከጎማው ጋር አጣብቋታል። ሌላ አንድ ዓመት ብትቆይ ሳትጋገር አትቀርም ነበር። በቤንዚን አጠብኳት፣ አደረቅኳት፣ ዘይቷን ሰጠኋት፣ ከእኛው ግድግዳ ላይ ሰቀልናት። ሦስት ቀን ዝንፍ ሳትል ሄደች። ቄሰ ገበዙ መርቀውን ወሰዷት።

በሳምንቱ ይዘዋት ተመለሱ። ቆማለች። እኛ ግድግዳ ላይ እንደ ሰቀልናት ሄደች። ወሰዷት፤ በአምስተኛው ቀን መለሷት። በዚህኛው ከፍቼ ሳይ ሞላው ዝጓል፤ ታችኛው ሣጥን ውስጥም ውሃ አቁራለች። ባለቤቴ ውሃው ከየት እንደመጣ ቢጠይቃቸው ቄሰ ገበዙ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ሌላ ነገር ገብቶባት እንዳይሆን ብለው ጠበል አስረጭተዋታል። ሰው ሁሉ ሞላሌን ወዳለች፣ ደብሩን ጠልታለች እያለ እንደሚያወራ ነገሩን። ለባለቤቴ ይህ ሞቱ ነበር። ከወሬው ይልቅ የከፋው ግን ሲወጡ ቀስ ብለው ደብረ ብርሃን ስላለ አንድ ሰዓት ሠሪ መጠየቃቸው ነው።

ያን ዕለት ማታ ራት ስናቀርብ ነገርኩት፤ ችግሩ ሰዓቷ ሳትሆን የምትሰቀልበት ቤት ነው። ሣጥኗ ዘንበል ካለ ፔንዱለሟ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ያዥም አንዱን ጥርስ አስረዝማ ሌላውን አሳጥራ ትይዛለች። ይህ ደግሞ የሚስተካከለው በተሰቀለችበት ቦታ፣ ሣጥኗን በጥቂት በጥቂቱ እያነቃነቁ፣ ድምፁ እኩል እስኪሆን በማዳመጥ ብቻ ነው። ሣጥን ለማነቃነቅ የእሱም እጅ አያንስም።

«እንግዲያው ሄጄ አስተካክላታለሁ» አለ።

ማንከሷን ትሰማለህ ወይ አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አመነልኝ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ለእኔ ሁሉም ቀጭ ነው።»

እኔ እንዳልሄድ ቤተልሔም ሴት አትገባም። ጨለማው ሲበረታ መብራቱን አጥፍተን እንተኛለን ስንል እሱ ዘዴ መጣለት። እኔ ፍልሰታን ለማስቀደስ እንደመጣች ሴት ሆኜ ከቤተልሔሙ ጀርባ፣ ከጭስ መውጫው ሥር እቀመጣለሁ። ድምፁ በዚያ ቀዳዳ ይወጣልኛል። አንድ ጊዜ ካሳልኩ ወደ ግራ ያዘነብላታል፤ ሁለት ጊዜ ካሳልኩ ወደ ቀኝ፤ ሦስት ጊዜ ካሳልኩ በቃ ማለት ነው። በዚህ ተስማማን። በጣም ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር።

በፍልሰታ ሁለተኛው ሳምንት ሰዓቷን በበቅሎ ጭነን ሄድን። ጉሙ የበቅሏችንን ጆሮ እንኳ ከኋላ ሆኜ እንዳላይ አድርጎኛል። ደብሩ ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፤ «ገደማ» የምለው እዚያ አገር በዚያን ቀን ከባለቤቴ የኪስ ሰዓት በቀር በእርግጥ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። ባለቤቴ ማጉያዋን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከቄሰ ገበዙ ጋር ወደ ቤተልሔም ገባ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ዞርኩና ከጭስ መውጫው ሥር ተቀመጥኩ።

ሁለታችንም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። ቤተልሔሙ ውስጥ እሳት ይነድዳል፤ ስለዚህ በዚያ ብርድ በቅጥሩ ውስጥ ከሁሉ የሚሞቀው ግድግዳ እኔ የተደገፍኩት ነው። ይህን የደብሩ አሮጊቶች ሁሉ ያውቃሉ። ሰባት ስምንት ሆነው ባናቸውን ተጠቅልለው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ተቀምጠዋል። ሁሉም ያስላሉ።

ሰዓቷ ተሰቀለች፤ ፔንዱለሟ ተለቀቀ። በግራ ረጅም፣ በቀኝ አጭር። አንድ ጊዜ አሳልኩ። ወዲያው ከጎኔ ያሉት እማማ ሁለቴ አሳሉ። ከእሳቸው ወዲያ ያሉት አንዴ፤ ከእሳቸው ወዲያ ያሉት ያለ ቁጥር። ላርመው ደጋግሜ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ባስልም ውስጥ ሰዓቷ ስትንገጫገጭ ይሰማኛል። ባለቤቴ ለእያንዳንዱ ሳል ታማኝ ሆኖ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ያደርጋታል። ዲያቆናቱ በኋላ እንደነገሩኝ ሰዓቷን እንደ ወንፊት ነበር የሚነፋት። አንደኛው ዲያቆን ይህ የአዲስ አበባ ሙያ ነው ብሎ ለጓደኛው አስረድቶታል።

አጠገቤ ያሉትን እማማ በልመና ላስነሣቸው ሞከርኩ። ያ ማዶ ያለው ዛፍ ሥር ይሻላል አልኳቸው። ዛፉን በጉሙ ውስጥ ቢፈልጉት አልታይ አላቸውና እዚሁ ይሞቀኛል አሉኝ። ውሃ ልስጣቸው እንዳልል ጾም ነው። ደረታቸውን ብደግፍላቸው ያቆማሉ ብዬ ደገፍኳቸው። አመስግነው ሦስት ጊዜ፣ ከሥር ከመሠረቱ፣ አሳሉ።

«በቃ፣ ተሠርታለች» ሲል ባለቤቴን ከውስጥ ሰማሁት። ሲወጣ ሰዓቷ ከኋላው አምስት ስድስት ጊዜ አነከሰችና ቆመች።

ግንባሬን በጉልበቴ ላይ ደፍቼ ሳለሁ ከፊቴ መቋሚያ መሬት ሲነካ ሰማሁ። ቀና ስል መሪጌታው ናቸው። ቀጭን፣ ጥቁር በርኖስ የለበሱ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ።

«ልጄ፣ ስታስዪ ሰማሁሽ» አሉ።

«ብርዱ ነው የኔታ።»

«ብርድ የመታው ሰውማ በቁጥር አያስልም። የእነዚህ ሳል እንደመጣላቸው ነው። ያንቺ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ነው የሚሄደው።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ መጋረጃውን፣ ሳሉን። ስጨርስ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ስለ ኃጢአቱ አንድም ነገር ሳያነሡ ሰዓቷ ስትሄድ ምን እንደምሰማ ጠየቁኝ።

«ታነክሳለች የኔታ» አልኳቸው፤ «በግራ ትቆያለች፣ በቀኝ ትቸኩላለች።»

ፊታቸው በራ። እሳቸውም ከፋሲካ ጀምሮ ይህንኑ እየሰሙ ነው። ለቄሰ ገበዙ ቢነግሯቸው፣ ለዲያቆናቱ ቢነግሯቸው፣ ሽማግሌው ጆሯቸው ጮኸባቸው ተብሎ ታልፏል። ከበሮ እንዲህ ቢመታልኝ ተማሪውን ከጉባኤ አስወጣው ነበር አሉኝ። ከዚያ ተነሺ ብለው ወደ ቤተልሔሙ ደጅ ይዘውኝ ሄዱ። ፈርቼ ከደረጃው ቆምኩ። ቄሰ ገበዙም ወጥተው፣ ሴት ወዴት ትመጣለች አሉ።

መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ። «የተከለከለው መግባቷ ነው» አሉ። «እሷ አትገባም። የምትለውን እኔ ለባለሙያው አደርስለታለሁ።»

ቄሰ ገበዙ አሰቡትና ባለቤቴን ጠርተው መለሱት። እሱ እኔ መያዜን አላወቀም። ጉሙ ነው፣ እኔም ከመሪጌታው በርኖስ ጀርባ ነኝ። ፔንዱለሟን ለቀቀ። እኔ በሹክሹክታ እናገራለሁ፤ መሪጌታው በዚያ በቅኔ ማኅሌት ድምፃቸው ይሉታል፦ ወደ ምሥራቅ ጥቂት፤ በዛ፣ መልስ፤ አሁን የገብስ ፍሬ ያህል። ባለቤቴን እየቆየ ገረመው።

«የኔታ፣ ሰዓት ሥራም ያውቃሉ እንዴ?» አላቸው።

«አላውቅም» አሉት። «ባለቤትህ ናት የምታውቀው።»

ከውስጥ የሚሰማው የሰዓቷ ማንከስ ብቻ ነበር። ያን ያህል ዓመት መጋረጃ ስንዘረጋ ስንሰበስብ፣ በአንድ ቃል አለቀ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ምን ያህል እንዳፈረ ግን ከዝምታው ርዝመት ገባኝ። ጥሎኝ ይሄዳል ብዬም አሰብኩ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። «እንግዲያው ይጠይቁልኝ። አሁንስ ስንት ልበል?»

«ግማሽ የገብስ ፍሬ» አልኩ፤ በራሴ ድምፅ።

አደረገው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መሪጌታው እጃቸውን አነሡ። እኔም አንሥቼ ነበር። እኩል ነው የሰማነው።

ዲያቆናቱ ሊያዩ ተሰበሰቡ። ቄሰ ገበዙም ገቡና ሰዓቷን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ፣ ሰው ጠማማ ሥዕል ሲያይ ሳያስበው እንደሚያደርገው፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሣጥኗን አቃኑት። ሰዓቷ አነከሰች። ቆመች።

ባለቤቴ ነው ቀስ ብሎ የጠየቃቸው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጓታል ወይ?

«ዘምማ ሳያት ምን ላድርግ?» አሉ ቄሰ ገበዙ። እሳቸው ንጹሕ ሰው ናቸው፤ የዘመመ ነገር አይወዱም። ሰዓቷን በበሩ መቃን ልክ ነበር በየጠዋቱ የሚያቃኗት። መሪጌታው አንድ ዲያቆን በክር ድንጋይ አስሮ እንዲያንጠለጥል አዘዙት፤ ግንበኛ ቱንቢ እንደሚለው ማለት ነው። ክሩ ከበሩ መቃን አጠገብ ሲወርድ መቃኑ ከደብሩ በታች ወዳለው ገደል በኩል ጣት ሙሉ ዘሟል። ግድግዳው ዘሟል። መደርደሪያው ዘሟል። ከነዚህ ሁሉ መሐል ቄሰ ገበዙ ሳይነኳት ቀጥ ብላ የቆመችው ጠማማ ትመስል የነበረችው ሰዓት ናት። ቤተልሔሙን ያሠሩት ደግሞ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ስለሆኑ ያን ቀን ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም።

ባለቤቴ እንደ ቀድሞው መልሷት፣ በኪስ ሰዓቱ ልክ ሞልቷት ከሣጥኗ በታች ሽብልቅ መታባት። መሪጌታው በከሰል ዙሪያዋን አሰመሩና፣ እጁን አንሥቶ ከመስመሩ የሚያወጣት ሁሉ የተገዘተ ይሁን አሉ። ሰዓት እንዳይቃና የተገዘተበት ደብር ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ቀን ቅዳሴው በሰዓቷ ገባ፤ በሰዓቷ ወጣ። ሲወጣ እኚያን ሦስት ጊዜ ያሳሉትን እማማ በር ላይ አገኘኋቸው። ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል።

«አንቺ ነሽ አሉ ያስተካከልሻት» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ፤ ምርቃት ጠብቄ። «ሳትስተካከል እኮ ይኸን ጊዜ በልተን ተኝተን ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጉም በሆነ ቁጥር መሪጌታው ሰዓቱን የሚገምቱት በሆዳቸው ኖሯል። ደብሩ ስንት ፍልሰታ አንድ ሰዓት እየቀደመ ጾሙን ሲፈታ እንደኖረ ያን ቀን ታወቀ። መሪጌታው ሲጠየቁ ሆድም ሞላ እንዳለው፣ በእርጅና እንደሚፈጥን ተናገሩና ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ወደ ሞላሌ ስንመለስ ባለቤቴ ግማሹን መንገድ ከፊቴ ሄደ። አባጣ ጎርባጣው ላይ በቅሎዋን እየጎተተ ሳለ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደርሼ ያዝኩት። እየሳቀ ነው። አንደኛዋ አሮጊት አምስት ጊዜ ስታስል የቱ ምልክት እንደሆነ ጨንቆት ሰዓቷን ሊገለብጣት ምን ያህል እንደቀረው ነገረኝ። መንገድ ላይ ቁጭ ብለን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሞላሌ ገብቷል። አንዳንዱ ደንበኛ ቀረ፤ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ። በኋላ እየመጡ ባለቤቴን አልፈው በቀጥታ ወደ እኔ ማየት ጀመሩ። እሱ መጋረጃውን ከተሰቀለበት አወረደና ለራሱ ሌላ ሥራ አወጣ፤ ሰዓቱ ከመከፈቱ በፊት ለደንበኛው ያዥ ምን እንደሆነች ማስረዳት። ብዙዎቹ ሰዓታቸው ተሠርቶ ካለቀም በኋላ ቁጭ ብለው ይሰሙት ነበር።

መሪጌታው በገበያ ቀን ሞላሌ ከመጡ ሳይጎበኙን አይሄዱም። ወንበር አውጥተንላቸው ይቀመጡና በዕለቱ የተሠሩትን ሰዓቶች አንድ በአንድ ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ከባዶቹን የወታደር ሰዓቶች በዜማቸው ስልት ግዕዝ ይሏቸዋል። አንዲት አስተማሪ የነበራትን ትንሽ የወርቅ ቅብ ሰዓት አራራይ ብለው ለረጅም ጊዜ ሳይመልሱ ያዟት። አንድ ቀን ባለቤቴ በዚያ ሰሞን ገበያውን ካጥለቀለቁት የባትሪ ሰዓቶች አንዱን ሰጣቸው። አዳመጡ፤ ወደ ሌላኛው ጆሯቸው አዛወሩት፤ እንደገና አዳመጡ።

«ይህስ?» አልኳቸው።

«ልክ ነው» አሉ፤ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ልክነቱ ላይ ምንም የምለው የለኝም። ግን ተማሪዬ ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ከዚያ ያችኑ የአስተማሪዋን ሰዓት ጠየቁኝ። ባለቤቷ ወስዳታለች አልኳቸው። ቅር አላቸውና ጨው ሊገዙ ወደ ገበያው ሄዱ።